ጎሽ ያልነው በሬ

አባቴ ወይፈኑን ከወረታ ገበያ ገዝቶ ሲያመጣው ስም አልነበረውም። የፎገራ ከብት አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ነው። ይኼኛው ግን ሆዱ ሥር ካለችው ትንሽ ነጭ በቀር ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጥቁር ነበር። ቀንዱ አጭርና ወፍራም፣ አንገቱ ደንዳና፣ ግንባሩ ሰፊ። እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ አየችውና "ይኼ ደግሞ ሲያስፈራ፤ ሌላ ከብት ጠፍቶ ነው?" አለች። አባቴ ግን አንገቱን እየዳበሰ ወደ ጓሮ አስገባው።

ስሙን ያገኘው እርሻ ሲማር ነው። አባቴ በሬ ሲገራ አይመታም፤ ጅራፍ ቢይዝም ለድምፁ ነው። ወይፈኑን ከአንድ ረጋ ካለ አሮጌ በሬ ጋር ይጠምድና ትልሙን ሳይስት በሄደ ቁጥር "ጎሽ" ይለዋል። ከዳር ደርሶ በደንብ ሲዞር "ጎሽ"። ቀንበሩን ሳይሸሽ አንገቱን ሲሰጥ "ጎሽ፣ ጎሽ የኔ ጌታ"። ያን ሰሞን ለዕረፍት ቤት ነበርኩና ቁርስ ይዤ ወደ እርሻው ስሄድ ከሩቅ የምሰማው ይኼንኑ ቃል ነበር። ወይፈኑም ሰማ። ሰምቶ ሰምቶ የራሱ መጠሪያ አደረገው። በኋላ አባቴ ጥቁረቱን አይቶ ሌላ ስም ሊያወጣለት ቢሞክር ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። "ጎሽ" ሲባል ግን የሚግጠውን ሣር ትቶ ከሜዳው ማዶ ይመጣል።

የሰፈሩ ሰው ይኼን ስለማያውቅ ስሙ የወጣለት የዱር ጎሽ ስለመሰለ ነው ብሎ አመነ። መልኩም ያሳምናል። ገበያ የሚሄድ ሰው በአጥራችን በኩል ሲያልፍ ቆም ብሎ "እውነትም ጎሽ" ይላል። አባቴ መጀመሪያ ያርማቸው ነበር። እየቆየ ግን ነገሩ ደስ አለውና ወሬያቸውን የራሱ አደረገው። "ገና ገበያ ላይ ሳየው ነው ጎሽ ያልኩት" ማለት ጀመረ። እናቴ ይኼን ስትሰማ አታልፈውም።

"ውሸቱን ነው። ሲያርስ ጎሽ ጎሽ ሲለው እየዋለ ነው ከብቱ የለመደው።"

"ግንባሩን አታይውም? ጎሽ ነው እኮ።"

"ጎሽ መቼ አይተህ ታውቃለህ?"

አባቴ አይቶ አያውቅም። እናቴም አላየችም። እኔም ብሆን ከመጽሐፍ ላይ ሥዕል በቀር አላውቀውም። እንዲያም ሆኖ በማናችንም ዓይን ስላልታየ እንስሳ ሲከራከሩ ስሰማ ነው ዓመታት የከረምኩት ብል አላጋነንኩም።

ችግሩ የመጣው ቤታችን ውስጥ ሰው ማመስገን ሲያቅት ነው። መምህርነት ተምሬ ወረታ ሁለተኛ ክፍል እንዳስተምር የተመደብኩ ዕለት ወሬውን ይዤ በሩጫ ገባሁ። አባቴ ከመደቡ ብድግ ብሎ አቀፈኝና "ጎሽ! ጎሽ ልጄ!" አለኝ። ድምፁ ከደስታው ብዛት ከወትሮው ከፍ ብሎ ነበር። በሬው ከጓሮ ተነሥቶ የአጥሩን መዝጊያ በደረቱ ገፋና መጥቶ ጭንቅላቱን በበሩ አስገባ። ተራ በተራ ሁላችንንም አየን። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀችና "በሉ እንግዲህ፣ ሁለታችሁንም እንኳን ደስ ያላችሁ" አለች። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት የሚመሰገን ሰው "እሰይ" ወይም "አበጀህ" ይባላል እንጂ ያ ቃል ለሰው አይወጣም። አባቴ ግን አልፎ አልፎ ያመልጠዋል።

ወረታ ላይ ከአንድ ሐጂ ግቢ ክፍል ተከራየሁ። ሐጂ ገመድ፣ ላስቲክ፣ አካፋና ባልዲ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ባጃጅ አላቸው፤ ጣራው ላይ ሞንታርቦ አስረው በገበያ ቀን ራሳቸው እየነዱ ዕቃቸውን ያስተዋውቃሉ። አነዳዳቸው እንቁላል የጫነ ሰው አነዳድ ነው፤ እግረኛ ሁሉ ይቀድማቸዋል።

በማስተምርበት ክፍል ግድግዳ ላይ የዱር እንስሳት ሥዕል ተለጥፎ ነበር። አንድ ቀን ስማቸውን እያነበብን ጎሽ ላይ ስንደርስ ፊት ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"ቲቸር፣ ትናንት ሒሳቡን ስሠራ ጎሽ አልሽኝ።"

"አዎ፣ በደንብ ስለሠራሽ ነዋ።"

"ይኼን ነሽ ማለትሽ ነው?" ብላ በጣቷ ወደ ሥዕሉ ጠቆመች።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ልጅቷ ግን የምሯን ነበር። አንድ ቃል ሁለት ነገር ሊሆን እንደሚችል ነገርኳት። እሺ አለች፤ ጥቂት አሰበችና "ታዲያ ለምን አንድ ሆኑ?" ብላ ጠየቀችኝ። ይኼን አላውቀውም ነበር። ዕድሜ ልኬን ስሰማውና ስለው የኖርኩት ቃል ድንገት አዲስ ሆነብኝ። ሳምንቱን ሙሉ በአእምሮዬ ሲመላለስ ሰነበተና ቅዳሜ አገር ቤት ስሄድ በቀጥታ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። የኔታ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ፊደልና ዳዊት የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው።

"የኔታ፣ ጎሽ ማለት ለምን ምስጋና ሆነ?" አልኳቸው።

ጥያቄው ደስ አላቸው መሰለኝ፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተመቻቹ።

"አረጋግጬ የምነግርሽ የለኝም። የሰማሁትን ልንገርሽ። ድሮ ደህና ጋሻ የሚባለው ከጎሽ ቆዳ የተሠራው ነው። ቀንዱ ደግሞ ዋንጫ ይሆናል፤ ትልቅ ሰው ይጠጣበታል። ጎሽ የገደለ አዳኝ ሲገባ አገር በእልልታ ይቀበለዋል። ለወንድ ልጅም ብርቱ ይሁን ብለው ስም ያወጡበታል። ምስጋናው ከዚያ ቢመጣ አይገርመኝም። ባይመጣም አይገርመኝም።"

"ለልጅቷ ታዲያ ምን ልበላት?"

"ብርቱ ነሽ ማለቴ ነው በያት፤ ይበቃታል።" ከዚያ ፈገግ አሉ። "አባትሽ ግን ቃሉን ለበሬ ሰጥቶ እኛን ባዶ አስቀረን። ባለፈው አንዱን ተማሪ ጎሽ ብለው በሬው የቅጥሩን በር ገፍቶ ሊገባብኝ ነበር።"

ሰኞ ለልጅቷ የኔታ እንዳሉኝ ነገርኳት። አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ከዚያ ቀን በኋላ ክፍሉ በሙሉ ጎሽ ካልተባልኩ ይል ጀመር።

የዚያ ዓመት ክረምት ከባድ ነበር። ፎገራ ሜዳ ላይ ውሃ እንግዳ አይደለም። የርብ ወንዝ ሲሞላ ሜዳው ይዋጣል፤ ሩዙ ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድጋል፤ ሰው ውሃው ሳይመጣ ከብቱን ወደ ከፍታው ነድቶ ከዘመድ ያስጠጋል። አባቴም ላሞቹን አስቀድሞ ነዳ። ጎሽ ግን ኮቴው ቆስሎ ያን ሁሉ አቀበት መውጣት ስለማይችል አባቴ ዘንድ ቀረ። እናቴ እኔ ጋ ወረታ መጣች።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። አባቴ ነበር። ከጀርባው የውሃ ድምፅ ይሰማል።

"ርብ ክትሩን ጥሶታል" አለኝ። "ውሃው ቤት ገብቷል። ጎረቤት ሁሉ በጀልባ እየወጣ ነው።"

"አንተስ?"

"ጀልባው ጎሽን አይጭንም።"

"አባየ፣ በሬውን ተወውና ውጣ።"

"እሱን ትቼማ አልወጣም። ጭራውን ይዤ በማሳው አቋርጬ ወደ አስፋልቱ እመጣለሁ። ከብት በሚወጣበት በኩል ጠብቂኝ።"

ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አይሠራም። እናቴ ፊቴን አይታ ገባት። ምንም ሳትጠይቀኝ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ወጣች። ሐጂ ግቢው ውስጥ ውሃ ላፈናቀላቸው ሰዎች የሚወስዱትን ላስቲክና ዳቦ ባጃጁ ላይ እየጫኑ ነበር። የሆነውን ነገርኳቸው።

"ግቡ" አሉ።

ያን ዕለት ሐጂ እንዴት እንደነዱ እስካሁን ይገርመኛል። መገንጠያውን አልፈን የጎንደርን መንገድ ስንይዝ እናቴ በአንድ እጇ የባጃጁን ብረት፣ በሌላው የዳቦውን ማዳበሪያ ጨብጣ "ኧረ ሐጂ፣ ቀስ ይበሉ" አለቻቸው።

"ቀስ የሚባልበት ቀን አይደለም" አሉና ጭራሽ ጨመሩበት።

ስንደርስ መኪና ሁሉ ቆሟል። ውሃው አስፋልቱን ሊነካ ጥቂት ነው የቀረው። አይሱዙና አውቶቡስ ከወዲህም ከወዲያም ተደርድሯል፤ ተሳፋሪው ወርዶ በመንገዱ ዳር ቆሞ ሜዳውን ያያል። የሩዝ ማሳው በሙሉ ቡናማ ባሕር ሆኗል፤ የዛፍ ጫፍና የቆርቆሮ ጣራ ብቻ ብቅ ብቅ ብሎ ይታያል። አብዛኛው ሰው የተሰበሰበው ውሃው በአስፋልቱ ሥር ወደ ማዶ ከሚያልፍበት ትልቅ ቱቦ በላይ ነበር። የቱቦው አፍ ላይ ውሃው እየተሽከረከረ ግንድና ገለባ ይውጣል። አባቴ ያለው የከብት መውጫ ከዚያ ራቅ ብሎ ወደ ጎንደር በኩል ነው፤ እዚያ ዳገቱ ለዘብ ያለ ስለሆነ ከብት ሳይቸገር ወደ መንገዱ ይወጣል።

ከሩቅ ሁለት ነጥብ አየን፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ። ጥቁሩ የጎሽ ጭንቅላት ነው፤ ነጩ አባቴ ራሱ ላይ የጠመጠመው ጨርቅ። እናቴ "እሱ ነው" አለች። በሬው አፍንጫውን ቀስሮ ይዋኛል፤ አባቴ ጭራውን ይዞ ከኋላው ይንሳፈፋል። አመጣጣቸው ቀጥ ብሎ ወደ መውጫው ነበር። ልቤ ተመለሰች።

ሰዉም አያቸው። አንድ ሰው "ጎሽ አባቴ፣ አይዞህ" ብሎ ጮኸ። ሌላው ተቀበለው። ተሳፋሪው፣ የመኪና ረዳቱ፣ ከውሃው ወጥቶ በላስቲክ ሥር የተጠለለው የሰፈራችን ሰው ሳይቀር የበሬውን ስም ዘንግቶ እያጨበጨበ "ጎሽ፣ ጎሽ፣ ጎሽ" ይል ጀመር። ሰው ለማያውቀው ሰው እንዲህ ከልቡ ሲጮህ ደስ ይላል። እኔም ላጨበጭብ እጄን አነሣሁ። ያኔ በሬው ጭንቅላቱን አዞረ።

የተጠራ መስሎታል። መውጫውን ትቶ ሰዉ ወደቆመበት፣ ወደ ቱቦው አፍ መምጣት ጀመረ። አባቴ አንድ እጁን አውጥቶ ያወናጭፋል። ሰዉ ሰላምታ መሰለውና ይበልጥ ጮኸ።

"ጎሽ አትበሉ" አልኩ። የሚሰማኝ የለም። ከፊቴ አንድ ጎልማሳ የአይሱዙ ሾፌር እጁን አፉ ላይ እንደ ጡሩምባ አድርጎ ይጣራል። እጁን ይዤ ጎተትኩት።

"ጎሽ አትበሉ፣ እባክህ።"

"እህቴ፣ ሰውየውን እያበረታታነው እኮ ነው።"

"ጎሽ የበሬው ስም ነው። የጠራችሁት መስሎት ነው ወደ ቱቦው የሚመጣው። የያዘው ሰው አባቴ ነው።"

ሾፌሩ በሬውን አየ፤ ቱቦውን አየ። ከዚያ ዘወር ብሎ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣና እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሰው አይወጣም በሚያሰኝ ድምፅ "ዝም በሉ" አለ። ሰዉ ደንግጦ ጸጥ አለ። የውሃው ጉምጉምታ ብቻ ቀረ። በሬው ግን ወደ እኛ መምጣቱን አልተወም። ድምፁን ከዚህ ሰምቷል፤ ሌላ ድምፅ ደግሞ የለም።

ሐጂ ከኋላችን ሆነው ነገሩን ይከታተሉ ነበር። "ወዴት ነው መምጣት ያለበት?" አሉኝ። መውጫውን አሳየኋቸው። ባጃጁን አዙረው፣ በቆሙት መኪኖች መካከል እየተሽሎከለኩ እዚያ አደረሱት። እኔና እናቴ ከኋላ ሮጥን። ስንደርስ ሞንታርቦውን ወደ ውሃው አዙረው ማይክራፎኑን ዘረጉልኝ። ከመናገሬ በፊት እናቴ ከእጄ ነጠቀችው።

በሕይወቷ ማይክራፎን ይዛ አታውቅም። አፏ ላይ ለጥፋ ያዘችው።

"ጎሽ" አለች። ድምፅዋ ሜዳውን ሞላው። "ጎሽ፣ ና ወዲህ። ና፣ ጨው ይዣለሁ። እዚህ ነኝ ጎሽ፣ ጨውህን ይዣለሁ።"

በየሳምንቱ ጨው የምታልሰው እሷ ናት። በሬው ቆም ያለ መሰለ፤ ጆሮው ተነሣ። ያን ጊዜ ሾፌሩ ሰዉን ሁሉ እየነዳ ወደ እኛ መጣ። "እዚህ ሁኑና አሁን በሉ" አላቸው። ከሕፃን እስከ ሽማግሌ መውጫው ላይ ተደርድሮ ከእናቴ ጋር አብሮ "ጎሽ፣ ና ጎሽ" ይል ጀመር። ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮህኩ። በሬው ጭንቅላቱን ወደ እኛ አዞረ። የቱቦው ውሃ ወደ ኋላ ሲስበውና እሱ ወደ እኛ ሲገፋ በሬውና አባቴ አንድ ቦታ ላይ ቆመው የቀሩ መሰለኝ። ከዚያ ትከሻው ከውሃው ወጣ። እግሩ መሬት አግኝቷል።

በዚህ መካከል ከጎንደር በኩል አንድ አውቶቡስ መጥቶ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመ። ተሳፋሪዎቹ ምን እንደተፈጠረ አያውቁም። ወርደው ሲጠጉ የሰሙት ሕዝቡ ሁሉ በሞንታርቦ ጭምር ጎሽ ጎሽ ሲል ነው። ያዩት ደግሞ ከውሃው ውስጥ ጥቁር፣ ጭቃ የለበሰ፣ ቀንዱ ላይ ሣርና ገለባ የተጠመጠመበት ግዙፍ አውሬ እያናፋ ሲወጣ ነው። ግማሾቹ ሮጠው አውቶቡሱ ውስጥ ገቡ። አንዱ ግን በመስኮት ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ።

አባቴ ጭራውን ለቀቀና መንገዱ ዳር ተቀመጠ። ከንፈሩ ጠቁሮ ይንቀጠቀጣል። ሐጂ ጃኬታቸውን አውልቀው ደረቡለት። ትንፋሹ ሲመለስ ቀና ብሎ ሰዉን አየ።

"ማን ነው መጀመሪያ ጎሽ ያለው?"

ሾፌሩ "እኛ ነን አባቴ፤ አይዞህ ለማለት ነበር" አለ።

"ልትገድሉኝ ነበር" አለ አባቴ። ከዚያ ሳቅ አፈነው። "ደግሞም አተረፋችሁኝ። እግዜር ይስጣችሁ።"

እናቴ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር። በሬው አጠገቧ ደርሶ እጇን ያሸታል፤ ጨው ተብሎ ነው የመጣው። ጨው የሚባል ነገር አልያዘችም። ሐጂ ከማዳበሪያው ዳቦ አውጥተው ሰጧት፤ ቆርሳ አጎረሰችው። ሰዉ ሁሉ ከበሬው ጋር ፎቶ ለመነሣት ተሰለፈ።

ሐጂ በሬውንም ባለቤቱንም ግቢያቸው አስገቡ። እኛ ነገሩ አለቀ ብለን ነበር፤ ወሬው ግን ገና መጀመሩ ነው። ከሰዓት በኋላ ሐሙሲት ሲደርስ ከውሃ ጎሽ ወጣ ተባለ። ማግሥቱን አንበሳሜ ሲደርስ ጎሹ ሰው ወግቷል፤ የተወጋው ደግሞ አባቴ ነው። የእናቴ የአክስት ልጅ ጥቁር ለብሳ ከአንበሳሜ ለልቅሶ መጣች። የሐጂን ግቢ ስትገባ አባቴ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ሽሮ እየበላ ነበር። አየችውና እዚያው ተቀመጠች። አባቴም "ነይ እንብላ፣ ምነው ጠቆርሽብኝ?" አላት። እናቴ ይኼን ስታወራ ሁልጊዜ የሷን አቀማመጥ አስመስላ ታሳያለች።

ጎሽ ለማየት የሚመጣው ሰው ብዛቱ ለጉድ ነበር። ሐጂ በር ላይ ቆመው "ወንድሞቼ፣ ጎሽ የለም፤ በሬ ነው፤ ስሙ ነው ጎሽ" ይላሉ። የሚያምናቸው የለም። "ደብቀውታል" ይባባላሉ።

በሳምንቱ ከባሕር ዳር አንዲት ወጣት የዱር እንስሳት ባለሙያ መጣች። በአውቶቡሱ መስኮት የተቀረጸው ምስል ደርሷት አጣሪ ተብላ ተልካ ነው። አባቴ በክብር ተቀበላት።

"ጎሹ አለ?" አለችው።

"አለ። ጓሮ ነው።"

"ታስሯል?"

"ኧረ አይታሰርም። ምን ያደርጋል ብዬ?"

ልጅቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። "ከየት ነው የመጣው?"

"ከወረታ ገበያ።"

ብእሯን ያዝ አደረገችና ወደ ጓሮው አየች። "ሰው ሲቀርበው ምን ያደርጋል?"

"ዳቦ ይጠይቃል። ሰሞኑን ሐጂ አስለምደውት።"

ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም፤ ሳቅሁ። እሷም ነገሩ ገባትና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። አባቴ ጓሮ ወስዶ አሳያት። ግንባሩን እያሻሸች ስትስቅ ቆየችና "እውነተኛውን አይታችሁት ታውቃላችሁ?" አለችን። ስልኳን አውጥታ በቆላ አገር ስትሠራ የቀረጸችውን አሳየችን። አባቴና እናቴ ራስ ለራስ ገጥመው አዩ። ቀንዱ ግንባሩ ላይ እንደ ቆብ የተደፋ፣ ዓይኑ የሚቆጣ፣ ጆሮው የተንጠለጠለ እንስሳ ጭቃ ውስጥ ቆሟል። አባቴ ደግማ እንድታሳየው ጠየቃት። ሦስተኛ ጊዜም ጠየቃት።

"ይኼ አይጠመድም?" አለ።

"አይጠመድም አባቴ። ማንም አይችለውም።"

አባቴ አዘነ መሰለኝ። እናቴ በድል ዓይን አየችው። ልጅቷ ግን ቀጠለች። "ሌላ ዓይነት ግን አለ፤ የውሃ ጎሽ ይሉታል። ሕንድና ቻይና፣ በዚያ አካባቢ ባሉት አገሮች ሰው ያረባዋል። ውሃ ይወዳል፤ ሲዋኝ አይጣል ነው። የሩዝ ማሳቸውንም የሚያርሱት በእሱ ነው።"

አባቴ ከተቀመጠበት ተነሣ። "ምን አልሽ?"

"የሩዝ ማሳ የሚያርሱት በጎሽ ነው።"

"ሩዝ? እኛ የምናመርተውን ሩዝ?"

"አዎ።"

"ይዋኛልም አልሽ?"

"አንገቱ ብቻ እስኪታይ።"

አባቴን እንደዚያ ደስ ብሎት ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ልጅቷን እጇን ይዞ ምስል እንድትፈልግለት ለመናት። ፈልጋ አገኘች። ምስሉ ላይ አንድ ሰው ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሟል፤ ከፊቱ ጥቁር ጎሽ ማረሻ ይጎትታል። ዙሪያው ውሃና አረንጓዴ ሩዝ ነው፤ የእኛን ሰፈር በሐምሌ ይመስላል። አባቴ ሐጂን ጠራ፤ እኛው ዘንድ የሰነበተችውን የአንበሳሜዋን ዘመድ ጠራ፤ በር ላይ የቆሙትንም እንግዶች አስገባ። ለሁሉም ስልኩን እያሳየ "እነሆ፣ ሩዝ በጎሽ ይታረሳል" ይላል። እናቴ ምስሉን ትክ ብላ አየችና "ሰውየው ሲያርስ ምን እያለው ይሆን?" አለች።

መስከረም መጨረሻ ላይ ውሃው ጎደለና ጎሽን ይዘን ወደ ቤት ተመለስን። የቤታችን አንዱ ግድግዳ ፈርሶ ነበር፤ ጓሮው ደለል ሞልቶታል። ማሳችንን ለማየት ግን ሦስታችንም ዕቃችንን ሳናወርድ ነው የሄድነው። ከመንገዱ በኩል ያለው ሩዝ ተኝቶ በስብሷል። ወደ ውስጥ ያለው ሰፊው ክፍል ግን ቆሞ ነበር፤ ዘለላው ወጥቷል። አባቴ ገብቶ በእጁ ዳሰሰው። እናቴ እልል አለች። ድምፅዋን ሰምተው ከየማሳው ጎረቤቶች ብቅ አሉ፤ የእነሱስ እንዴት እንደሆነ እየተጠያየቅን ቆየን። በማግሥቱ ሰው ተጠርቶ ጭቃ ተረገጠ። እኔ ትምህርት ስለተከፈተ ወረታ መመለስ ነበረብኝ፤ እስከ ማታ ድረስ ግን እጄ እስከ ክርኔ በጭቃ እንደተለወሰ ግድግዳ ስመርግ ዋልኩ።